ጅብ የተደረጉ ሰዎች

ዊልያም ኮፊን የተባለ እንግሊዛዊ በ1810ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትግራይ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ከአሽከሮቹ መካከል ቡዳ ነው ተብሎ የሚወራበት አንድ ወጣት ነበር። ወጣቱ አንድ ቀን፣ ገና ሳይመሽ፣ ጌታው ፊት ቀርቦ እስከ ማግስቱ ጠዋት እንዲያሰናብተው ለመነ። ኮፊንም ፈቀደለት። ፊቱን ወደ ሌሎቹ አሽከሮች ከማዞሩ ግን ጩኸት ተነሣ፤ ልጁ ጅብ እየሆነ ነው ብለው ጣታቸውን ቀሰሩ። ኮፊን ዘወር ሲል ወጣቱ የለም፤ አንድ ትልቅ ጅብ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ይሮጣል። ቦታው ገላጣ ሜዳ ነው፣ መሸሸጊያ የሚሆን ዛፍም ሆነ ቁጥቋጦ የለበትም። ወጣቱ በማግስቱ ጠዋት እንደ ቃሉ ተመለሰ። ባልደረቦቹ በነገር ሲወጉት አላስተባበለም፣ ይልቁንም እውነት እንዲመስላቸው የፈለገ ይመስል ነበር።

ይህን ታሪክ የምናገኘው የኮፊን ጓደኛ ከነበረው ከናትናኤል ፒርስ ማስታወሻ ነው። ፒርስ መርከበኛ ነበር። ከ1805 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን ትግራይ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሮ ቋንቋውን ለምዷል፣ አግብቷል፣ ዘምቷል። ማስታወሻው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1831 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ላይ ታተመ። መጽሐፉን የሚያነቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸውን የሚጥሉት ጅቡ ላይ ነው። እኔ ግን ልቤን የሚይዘው የወጣቱ ዝምታ ነው። ለምን አላስተባበለም? ርስት የሌለው፣ ከማዕድ የሚገለል፣ በደመወዝ የሚያድር ሰው በዚያ አገር የነበረው ጋሻ መፈራት ብቻ ነበር። የሚፈራን ሰው ማንም በጥፊ አይመታውም፣ ማንም ደመወዙን አይከለክለውም። ያን ጋሻ ወርውሮ ምን ሊያተርፍ ነው?

የአገራችን ሰው ስለዚህ መለወጥ የሚያወራው ዝርዝር እጅግ የተሟላ ነው። ቡዳ የተባለው ሰው በሌሊት ይነሣል፣ ልብሱን ያወልቃል፣ አመድ ላይ ይንከባለላል፤ ሲነሣ ጅብ ሆኖ ነው። ሚስቱ ወይም ባሏ ምሥጢሩን ያውቃሉ፣ ሳይነጋ ሲመለስ ወደ ሰውነቱ የሚመልሰው የእነርሱ እጅ ነውና። የበላው ሰው ሲሞት ደግሞ ነገሩ በቀብር አያልቅም። ቡዳው ለቀስተኛ እስኪበተን ጠብቆ መቃብሩን ይቆፍራል፣ ሬሳውን ያነሣዋል፣ ቤቱ ወስዶ ያገለግልበታል። የተነሣው ሰው ይሠራል፣ አንደበት ግን የለውም። እንግዳ ከመጣ ቡዳው በበትር መታ ያደርገውና ጋን ወይም ሌላ የቤት ዕቃ ሆኖ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ እንግዳው ሲሄድ ደግሞ ይመታውና ሰው ይሆናል። በሰባት ዓመቱ ጢስና አመድ ሆኖ ይጠፋል ይባላል። ስለዚህም በአንዳንድ አካባቢ አዲስ መቃብር ይጠበቅ ነበር።

ጉትቻም አለ። በጦር የተወጋ ወይም በወጥመድ የተያዘ ጅብ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ተገኘበት የሚለው ወሬ በፒርስ ዘመን ከጫፍ እስከ ጫፍ የታመነ ነበር። ኮፊንም እንዲህ ያለ ጉትቻ ያለበት ጅብ በዓይኑ እንዳየ ተጽፏል። በዚያው መጽሐፍ የቀረበው ግምት ደግሞ እንዲህ ነው፤ እምነቱ እንዳይደበዝዝ የፈለገ ብልጥ ሰው የጅብ ግልገል ይዞ ጆሮውን በስቶ ሊለቅቀው ይችላል። እውነት ከሆነ የኮፊን አሽከር ዝምታና ይህ ጉትቻ የአንድ ዘዴ ሁለት መልክ ናቸው።

አሁን የዝርዝሩን መሣሪያዎች ልብ እንበል፤ አመድ፣ እሳት፣ ሌሊት፣ በመምታት ቅርጽን መለወጥ። እነዚህ ሁሉ ከአንድ ቦታ የወጡ ናቸው፤ ቡዳ ከሚባለው ከጠይቡ ጎጆ። ጠይብ ከሰል ያከስላል፣ ወናፍ ይነፋል፣ አመድ ውስጥ ይውላል። ቀይ አፈር የሚመስል ድንጋይ ከመሬት አውጥቶ፣ በእሳት አቅልጦ፣ በመዶሻ መትቶ ማረሻና ማጭድ ያደርገዋል። ሚስቱ ደግሞ ጭቃ ጠፍጥፋ፣ በእሳት ተኩሳ ጋንና ድስት ታወጣለች። አንዱን ነገር ሌላ ነገር ማድረግ የዕለት ሥራቸው ነው። ገበሬው ጎረቤት ይህን ሲያይ ድንጋይን ብረት ያደረገ እጅ ሰውን ጅብ ለማድረግ ምን ያግደዋል ብሎ ማሰቡ የሚያስደንቅ አይደለም። ሬሳው ጋን ሆኖ ጥግ ላይ ተቀመጠ የሚለው ተረት የሸክላ ሠሪዋን ቤት እያየ የተፈጠረ ነው። ተረቱ የሞያው ጥላ ነው ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ሞያውን መደነቅ አንድ ነገር ነው፣ ባለሞያውን ሬሳ በላተኛ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ለማየት ወደ ጎንደር መሄድ ያስፈልጋል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዙፋኑ ላይ ያሉት ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ አገሩን የሚያዝዙት ግን ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። በዚያ ዓመት ማብቂያ ራስ ሚካኤል ሸፍቶባቸው የነበረውን ከተማ መልሰው ሲይዙ ያወረዱት ቅጣት አሰቃቂ ነበር። የተገደሉት ሰዎች መቀበር ተከለከሉ፤ አካላቸው ተቆራርጦ በየጎዳናው ተበተነ። ብሩስ አሽከሮቹ በቸልታ የለቀቋቸው የአደን ውሾቹ የሰው ራስና ክንድ ይዘው ግቢው ሲገቡ ማየቱን በምሬት ጽፏል። ሬሳ ባለበት ጅብ አይጠፋምና ሌሊት ሌሊት ጎንደር በጅብ ተሞላች። ብሩስ ከቤተ መንግሥት አምሽቶ ሲመለስ፣ የታጠቁ ሰዎች አጅበውት እንኳ፣ እግሩን እንዳይዙት ይፈራ ነበር። ሌላ ጊዜም ሜጫ ውስጥ ድንኳኑ ገብቶ ሻማዎቹን በአፉ ከያዘ ጅብ ጋር በጨለማ ዓይን ለዓይን ተጋጥሞ በጦር ወግቶታል።

ብሩስ ከዚህ ጋር አያይዞ አንድ ነገር መዝግቧል። የከተማው ሰው ከእነዚህ ጅቦች ብዙዎቹ በዙሪያው ተራሮች የሚኖሩ ፈላሾች ናቸው፣ በአስማት ተለውጠው በጨለማ የሰው ሥጋ ሊበሉ የሚወርዱ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ፈላሻ ይባሉ የነበሩት ዛሬ ራሳቸው በመረጡት ስም ቤተ እስራኤል የምንላቸው ወገኖቻችን ናቸው።

ይህን ቦታ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል። ሰዎቹን ያስገደለው ማን እንደሆነ ጎንደር ሁሉ ያውቃል። እንዳይቀበሩ የከለከለውም ይታወቃል። የራስ ሚካኤልን ስም በአደባባይ ማንሣት ግን አንገት ያስቆርጣል። በሌሊት ከተማዋን ለወረራት አውሬ ምላሽ የሚሆን፣ ስሙን መጥራት የማያስቀጣ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እርሱም ተራራው ላይ የተቀመጠው የቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቃጭ ሆነ። እነዚያው ቤተ እስራኤል ደግሞ የጎንደርን ግንብና አብያተ ክርስቲያናት ከገነቡት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ነበሩ። ቀን ግንብ ይሠራሉ፤ ሲመሽ ያ ግንብ ባጎረፈው ደም ይጠየቃሉ።

ሥሩ ከዚያም ይርቃል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን በጦር ካሸነፉ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ብለው አወጁ የሚል ታሪክ ተላልፏል። ከዚያ ወዲህም በዐፄ ሠርፀ ድንግልና በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ተደጋጋሚ ዘመቻ ወርዶባቸዋል። በእርሻ በሚኖር አገር ርስት ያጣ ሰው ምን ይሠራል? የሌላውን መሬት በእኩል ያርሳል፣ ወይም መሬት የማይጠይቅ ሞያ ይይዛል። ብረት፣ ሸክላ፣ ሽመና። ክርስቲያን የሆኑ ጠይቦችም በማንዝ፣ በዘጌ፣ በትግራይ ተመሳሳይ ዕጣ ነበራቸው፤ ሃይማኖታቸው ከጎረቤታቸው ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ሞያቸው ብቻውን ለመገለል በቃ። ስለዚህ ነገሩ የእምነት ልዩነት ብቻ አልነበረም። ርስት ያለው ርስት የሌለውን የሚያይበት ዓይን ነበር።

ገበሬው ያለ ጠይብ አያርስም። ማረሻው ሲዶለዱም ወደማን ይሄዳል? የሚፈልገውን ሰው የሚንቅ ሰው ለንቀቱ ምክንያት ሊያበጅለት ግድ ነው፣ ያንንም ምክንያት ከሃይማኖት አመጣው። የጌታ መስቀል ችንካር የተሠራው በቀጥቃጭ እጅ ነው ተባለ፤ ያ ቀጥቃጭም አይሁዳዊ ነው ተባለና ለጎንደሩ ጠይብ አያት ተደረገለት።

ማንዝ ውስጥ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይነገር ነበር፤ ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ ሰምቶ በ1974 (እ.ኤ.አ.) አሳትሞታል። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር አንድ ቀን ልጆችሽን አሳዪኝ ሲላት ጠርጥራ አሥራ አምስቱን ደበቀች። እግዚአብሔር አወቀ፣ የታዩትን ባረከ፣ የተደበቁትን ረገመ። ከተረገሙት መካከል አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ ስለ ለቅሷቸውም ቀበሮና ጥንቸል፣ ሌላም የዱር እንስሳ ሆነው በሰላም እንዲኖሩ ተደረጉ። ሰው ሆነው የቀሩት ግን እርግማናቸውን ይዘው ወጡ፤ የቡዳ ዘር ከእነርሱ ነው።

የታሪኩ ጭካኔ ያለው እዚህ ላይ ነው። አውሬ መሆን በዚህ ታሪክ ምሕረት ነው። ቀበሮ የሆነው ልጅ አርፏል። ሰው ሆኖ የቀረው ግን ያጠፋችው እናቱ ሆና ሳለ በእርሱ ተፈረደበት። ይህን ታሪክ በምድጃ ዳር ለልጆቹ የሚያወራ አባት የጎረቤቱን የጠይብ ልጅ ከገነት ጀምሮ የተቆረጠበት ሰው አድርጎ እያስተማረ ነው። ርስቱን በዐዋጅ ያጣ ሰው ዐዋጁ ሲቀር ርስቱን ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ከሔዋን ጀምሮ ለተረገመ ሰው ግን ማን አቤት ይልለታል?

ፍርዱም የሚሰጠው በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ነበር። ሰው በድንገት ሲታመም፣ ምግብ እምቢ ሲል፣ ዓይኑ ሲፈዝ ቡዳ በላው ይባላል። አዋቂ ይጠራል፣ ጢስ ይታጠናል፣ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ይቀርባል። በሽተኛው መለፍለፍ ሲጀምር ማን ነህ፣ የት አገኘኸው፣ ስንት ጊዜ በላኸው እየተባለ ይመረመራል። በመጨረሻ ስም ይወጣል። ትግራይ ውስጥ ከ1843 እስከ 1846 (እ.ኤ.አ.) የኖረው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በቤቱ የነበረች አገልጋይ በዚህ ስትያዝ አይቷል፤ በእጅና በእግሯ ትሄድ፣ እንደ ጅብ ትስቅ ነበር፣ ውጭም ጅብ ይጮኽ ነበር። የእርሷ ስቃይ የእውነት መሆኑን አልጠራጠርም። የታመመ ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ይታመማል፤ በዚያ አገር የሕመም ቋንቋ ጅብና ጠይብ ነበሩ። ነገር ግን ከበሽተኛው አፍ የሚወጣው ስም የሠፈሩ ባላባት ስም ሆኖ አያውቅም። የሚወጣው ቀድሞ የተጠረጠረው፣ ጥግ ላይ ያለው፣ የሚከራከርለት የሌለው ሰው ስም ነው። የተጠራውም መጥቶ ምራቁን እንዲተፋ ወይም ከልብሱ ቆርጦ እንዲሰጥ ይገደድ ነበር። እምቢ ካለ ጥፋተኛ ነው፤ እሺ ካለም አምኗል ማለት ነው።

ሰው አውሬ ይሆናል ማለት የእኛ ብቻ ነገር አይደለም። ሮማዊው ፕሊኒ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ሲጽፍ፣ ጅብ የሰውን ድምፅ አስመስሎ እረኛን በስሙ ጠርቶ ያስወጣዋል የሚለውን ወሬ መዝግቧል። ከዚያው ጋር አርካድያ በተባለ የግሪክ አገር ከአንድ ወገን ዕጣ የወጣበት ሰው ልብሱን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሐይቅ ተሻግሮ ለዘጠኝ ዓመት ተኩላ ይሆናል የሚለውንም ጽፎ፣ ሐሰት ነው ብሏል። አውሮፓ ግን ከእርሱ በኋላ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ቆይታም ይህን ስታምን ነበር፤ ያውም በፍርድ ቤት። ኮሎኝ አጠገብ በድቡርግ በምትባል ከተማ ጴጥሮስ ሽቱምፕ የተባለ ገበሬ ሰይጣን በሰጠው መቀነት ተኩላ እየሆነ ሰው በልቷል ተብሎ፣ ተሠቃይቶ ካመነ በኋላ በጥቅምት 1589 (እ.ኤ.አ.) በሚዘገንን ሁኔታ ተገደለ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ግን በዛሬዋ ላትቪያ ምድር ቲስ የተባለ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ከዳኞቹ ፊት ቆሞ የማይጠበቅ ነገር ተናገረ። አዎን ተኩላ ነበርኩ፤ ነገር ግን እኛ የእግዚአብሔር ውሾች ነን፣ ጠንቋዮች ወደ ሲኦል የወሰዱትን እህል ወርደን እናስመልሳለን፣ አዝመራው የሚያምረው በእኛ ነው አለ። ዳኞቹ ለማሳመን ለፉ፣ ቄስ አስመጡ፤ ሽማግሌው ንቅንቅ አላለም። በ1692 (እ.ኤ.አ.) እንዲገረፍ ተፈረደበት። የቲስ መልስ የኮፊንን አሽከር ዝምታ እንዳስብ ያደርገኛል። ሁለቱም ስሙን አልጣሉትም፤ ሽማግሌው ግን ትርጉሙን ለራሱ ቀማው።

እዚሁ አገራችንም ጅብ በሁሉም ዘንድ የተጠላ አይደለም። ሐረር ውስጥ በግንቡ ሥር ለጅብ መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ አለ፤ ጅብ ጂኒ ያባርራል ተብሎ ይታመናል፤ በአሹራ ገንፎ ይቀርብለታል። ጅቡ ያው ጅብ ነው።

ስለ ጠይቡ ክብር በሕግ ደረጃ የመጀመሪያው ትልቅ ቃል የመጣው ከዐፄ ምኒልክ ነው። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጃቸው ብረት የሚሠራውን በጠይብነቱ፣ ሸማኔውን በሽመናው፣ ፋቂውን በፋቂነቱ የሚሰድቡትን ገሠጹ። ሠራተኛን መስደብ ንጉሡን መስደብ ነው አሉ፣ ደግሞ ሲሳደብ የተገኘም አንድ ዓመት ይታሰራል ብለው ቅጣት ወሰኑ። ንጉሡ የሚናገሩት ለባዶ አልነበረም። አገሪቱ ከክፉ ቀን ከወጣች ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር፤ ከብት አልቆ፣ ገበሬ ረግፎ፣ ጅብ የሞተውንም ያልሞተውንም ከየቤቱ ሲጎትት የታየበት ዘመን ነው። ከባቡሩና ከመንገዱ ጋር ብረት የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋት ነበር። ዐዋጁ ግን ስድብን ከለከለ እንጂ ርስት አልሰጠም።

ርስት የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲወጣ ለብዙ ጠይቦችና ለብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች በስማቸው የሚያርሱት መሬት ሲደርሳቸው የመጀመሪያው ነበር። በአንዳንድ ቦታ የቀድሞ ባለርስቶች ቁጣ ወረደባቸው፤ መሬቱን በእጃቸው ይዘው ሳይደላደሉም የእርስ በርስ ጦርነትና ረሃብ መጣ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ አሥራ አራት ሺህ የሚሆኑ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሄዱ። እዚያ ሐጋር ሰለሞን የተባለች ተመራማሪ ስለ ቀድሞ ኑሯቸውና ስለ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጠየቀቻቸው፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ላወጣችው መጽሐፍ ስም የሰጠችው ያ የጅብነት ስም ነው። አገር ለቅቀው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ሰው ሲጠይቃቸው ከሚናገሩት ውስጥ ይህ አለ።

ያልሄዱት ጠይቦች ደግሞ እዚሁ ናቸው። በየገበያው ማረሻ ይስላሉ፣ መጥረቢያ ይቀጠቅጣሉ፣ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ያስገባሉ። ልጁ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ የወደዳትን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ ግን ዘር ይቆጠራል። አንድ አክስት ወይም አጎት የልጅቷን አባት ገለል አድርጎ ያንሾካሹክለታል፤ እርሱም ለሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ያራዝማል፣ ደግሞም ያራዝማል፣ ምክንያቱንም አይነግራቸውም። ልጁ ምክንያቱን ያውቀዋል።